ፖስትግሬስ 15 በዴቢያን 12፦ በድሬዳዋ ሙቀትና በሚጠፋ መብራት ከወራት በኋላ

ሰርቨሩ ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ባለ የጅምላ መደብር ጓዳ ውስጥ ነው ያለው። 8 ጊጋባይት ራም፣ ተራ ኤስኤስዲ፣ ዴቢያን 12 የሚባለው የሊኑክስ ሲስተም፣ በላዩ ላይ ፖስትግሬስ 15 የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር። የዕቃ ገቢና ወጪውን፣ ዱቤውንና የደንበኛ ዝርዝሩን ወራት ሙሉ ተሸክሟል። ሶፍትዌሩ በራሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሲጫን ማንንም ሳይጠይቅ የሚወስነው ነገር ነው፤ ጣጣው የሚታየው ግን ዳታ ከሞላ በኋላ ነው።

«አፕት ኢንስቶል ፖስትግሬስኪውኤል» ከተባለ ዴቢያን «ሜይን» የሚባል ክላስተር (የዳታቤዞች ማስቀመጫ) ራሱ ፈጥሮ በፖርት 5432 ያስነሳዋል። ምቹ ነው፤ ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው። የፊደል ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበትን ዘዴ) የሚወስደው በዚያች ሰዓት ተርሚናሉ ላይ ካለው ሎኬል (የቋንቋና የፊደል መቼት) ነው። ሎኬሉ ባዶ ወይም «ሲ» ብቻ ከሆነ ክላስተሩ ፊደል በማያውቀው፣ ባይት ብቻ በሚያየው «ኤስኪውኤል አስኪ» ይፈጠራል። አማርኛው ይገባል፣ ይወጣል፣ ስክሪን ላይም ደህና ይመስላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ «ድሬዳዋ» የሚለውን ቃል ርዝመት በ«ሌንግዝ» ይጠይቁ። 4 ካለ ደህና ነው። 12 ካለ ፊደል ሳይሆን ባይት ነው የሚቆጥረው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል «ዩቲኤፍ 8» በሚባለው ኢንኮዲንግ ሦስት ባይት ይይዛልና። እንዲህ ባለ ዳታቤዝ ላይ ስምን በርዝመት የሚቆርጥ ሪፖርት ፊደሉን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል።

ዳታ ካልገባ መፍትሔው ሁለት ትእዛዝ ነው። በ«ፒጂ ድሮፕክላስተር» ያጥፉት፤ ከዚያ በ«ፒጂ ክሪኤትክላስተር» ሎኬሉን ሲ ዩቲኤፍ 8 ብለው፣ ዳታ ቼክሰምንም (የዳታ ብልሽት ማጋለጫውን) ጨምረው እንደገና ይፍጠሩት። ዳታ ከገባ ዳምፕ (የዳታውን ሙሉ ቅጂ) አውጥቶ አዲሱ ላይ መጫን ነው፤ የተሰነጠቀ ፊደል ካለ ጭነቱ እዚያው መስመር ላይ ይቆማል። የአማርኛውን ሎኬል ትተን ሲ ዩቲኤፍ 8ን የመረጥነው በምክንያት ነው። ዩኒኮድ ላይ ፊደሎቻችን በሀ ለ ሐ መ ተራ ስለተቀመጡ ድርደራው ትክክል ይወጣል። ሌሎቹ ሎኬሎች ግን የሲስተሙ ጂሊብሲ (የፊደል ተራ ሕጉን የያዘው ላይብረሪ) ሲታደስ ተራቸው ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫው) ይበላሻል።

የስም ፍለጋ ላይ ፖስትግሬስ ደስ ይላል። አንዱ ካሸር «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይመዘግባል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»ም እንደዚሁ። «ትራንስሌት» በሚባለው ፈንክሽን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባት እርባታቸው መለወጥ ይቻላል። 35 ፊደል ነው፤ ሃን እና ኣን ሲጨምሩ 37 ይሆናል። ውጤቱ ላይ በ«ቴክስት ፓተርን ኦፕስ» ኢንዴክስ ከተሠራ የስም መጀመሪያ ተጽፎ የሚደረግ ፍለጋ ወዲያው ይመልሳል። ሁለቱ የፊደል ዝርዝሮች እኩል መሆናቸውን ግን ይቁጠሩ። ሁለተኛው በአንድ ካነሰ ትራንስሌት ስህተት አይልም፤ ትርፏን ፊደል ከስሙ ላይ ይሰርዛታል።

የቀን አመዘጋገብ ላይ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ሲያሻውም ዝም ይላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን እንዳለ «ዴት» ኮለም ውስጥ ቢገባ ጳጉሜን አይቀበልም፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ጥቅምት 30ንም፣ በአብዛኛው ዓመት 29ንም አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ ያን ያህል ቀን የለውምና። የቀረውን ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ቅሬታ ይውጠዋል፤ የዱቤ መክፈያ ቀን በሰባት ስምንት ዓመት ተዛብቶ ቁጭ ይላል። ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁ ብቻ ይቀመጥ፤ ወደ እኛው መለወጥ የፕሮግራሙ ሥራ ይሁን።

መብራትስ? ድንገት ሲጠፋ ፖስትግሬስ የሚቆመው ለውጡን ከዳታው አስቀድሞ የሚጽፍበትን «ዋል» የሚባለውን መዝገብ ይዞ ነው። ሲነሳ ከመጨረሻው ቼክፖይንት (ዳታው ዲስክ ላይ ተሟልቶ ከተጻፈበት ነጥብ) ጀምሮ ያነበውና ራሱን ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ግን ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ሲል ከልቡ ከሆነ ነው። ርካሽ ዲስክ መሸጎጫው ላይ ይዞ ይዋሻል። «ፒጂ ቴስት ኤፍሲንክ» ያጋልጠዋል፦ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ ከ120 አካባቢ በላይ መጻፍ አይችልም፤ ሺህ ካሳየ እየዋሸ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ቁጥሩ ያን ያህል አይናገርም፤ የኃይል መጠባበቂያ ካፓሲተር የሌለው ከሆነ በ«ኤችዲፓርም» የጽሑፍ መሸጎጫውን መዝጋት ይሻላል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን ያስተኛል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ መቼቱ እንዳይመለስ የኤችዲፓርም ኮንፊግ ላይ ይጻፍ። «ለፍጥነት ኤፍሲንክን (ዲስኩን አሁኑኑ ጻፍ የሚለውን ትእዛዝ) አጥፋ» የሚል ምክር ከመጣ አይስሙ። ፍጥነት ካስፈለገ «ሲንክሮነስ ኮሚት»ን (እያንዳንዱ ሥራ ዲስክ ላይ እስኪያርፍ መጠበቁን) መዝጋት ነው፤ መብራት ቢሄድ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ሥራ ይጠፋል እንጂ ዳታቤዙ አይበላሽም።

ዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ የሚደግፈውን ባትሪ) የሚገድለው የድሬ ሙቀት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ ስለዚህ ከጣሪያ ቆርቆሮ ሥር አይቀመጥ።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። «ሼርድ በፈርስ» (ፖስትግሬስ ራም ላይ የሚይዘው መሸጎጫ) ከፋብሪካ 128 ሜጋባይት ነው የሚመጣው፤ የራሙ ሩብ፣ ማለትም 2 ጊጋባይት ይደረግ። «ራንደም ፔጅ ኮስት» (ዲስኩን እዚህም እዚያም እየዘለሉ የማንበብ ዋጋ ግምት) ለኤስኤስዲ ከ4 ወደ 1.1 ይውረድ። ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ ተራ ተጠቃሚ «ፐብሊክ» ስኪማ (የቴብሎች ክፍል) ውስጥ ቴብል መፍጠር አይችልም፤ ዳታቤዙን ሲፈጥሩ ባለቤቱን የፕሮግራሙን ተጠቃሚ ካደረጉት ግን ጣጣ የለውም። «ሜተድ 10 አይታወቅም» የሚል ስህተት ከመጣ የካሸሩ ኮምፒውተር ላይ ያለው ድራይቨር (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) አርጅቷል ማለት ነው፤ ድራይቨሩን ያድሱ እንጂ የይለፍ ቃሉን ጥበቃ አያውርዱ።

ባክአፕ ሌሊት ላይ አይሁን። መብራት በጠፋበት ሌሊት ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ዘሎት ያልፋል፤ ነግቶም አያካክሰውም። ከተማው ለቀትር ሱቁን ዘግቶ በርጫ ሲቀመጥ፣ 7፡30 ላይ ይሻላል፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 13:30 ነው፤ ክሮን ላይ ደቂቃው ቀድሞ «30 13» ተብሎ ነው የሚጻፈው። «ፒጂ ዳምፕ» ሥራ አያስቆምም፤ ተጠቃሚዎችንና የይለፍ ቃላቸውን ግን አይዝም። እነሱን «ፒጂ ዳምፕኦል» በ«ግሎባልስ ኦንሊ» ያወጣል። ቅጂው ከመጋላ ወጥቶ ሌላ ሰፈር፣ «ከዚራ» ይደር፤ አንዳንዴም ሌላ ማሽን ላይ ተጭኖ ይታይ።

ወደ ዴቢያን 13 የሚያሻግር ሰው ፖስትግሬስ 17 ከጎን ተጭኖ በፖርት 5433 ባዶውን እንደሚነሳ ይወቅ፤ ፕሮግራሙ በ5432 አሮጌውን ማንበቡን ይቀጥላል። «ፒጂ ኤልኤስክላስተርስ» ሁለቱንም ያሳያል። ባዶውን 17 ያጥፉና 15ን በ«ፒጂ አፕግሬድክላስተር» ያሻግሩ፤ ዲስኩ ላይ የዳታውን ያህል ትርፍ ቦታ ይኑር። 15 እስከ ኖቬምበር 2027 ማስተካከያ ስለሚያገኝ ጥድፊያ የለም።