ለቲዩብ ጊታር አምፕ የኃይል መቀነሻ፦ ርካሹ ሳጥን፣ ውዱ መሣሪያ ወይስ በራስ የተሠራው?

ቲዩብ አምፕ፣ ማለትም በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቲዩብ የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ያላቸው ወዳጆቼ በየጊዜው የሚያመጡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። አምፑ የሚጥመው ድምፁ ከፍ ሲል ነው፤ ከፍ ሲል ደግሞ ጎረቤትም ቤተሰብም አይችለውም፤ ስለዚህ በአምፑና በስፒከሩ መካከል የሚገባውን የኃይል መቀነሻ፣ አቴኑዌተር የሚሉትን፣ ልግዛ ወይስ ልሥራ፣ ብገዛስ የትኛውን ልግዛ ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ስመልስ የምዘለው ነገር እየበዛ ስለመጣ ሦስቱን ምርጫዎች ጎን ለጎን አድርጌ ለመጻፍ ወሰንኩ። ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ በርካሹ ተቃጥያለሁ፣ ውዱን ተውሼ ለወራት ሠርቼበታለሁ፣ ዛሬ ከአምፔ ጋር የማይለየው ግን ራሴ የሠራሁት ሳጥን ነው።

ዋጋውን በገንዘብ ብጽፈው ነገ ስለሚለወጥ በአንድ ጥንድ የኃይል ቲዩብ ዋጋ እለካዋለሁ፤ ቲዩብ አምፕ ያለው ሰው ይህን ዋጋ ሳይወድ በግዱ በቃሉ ይይዘዋል። በዚህ መለኪያ፣ ማዞሪያ ያለው ርካሽ ሳጥን አንድ ጥንድ ያህል ያወጣል። ራሴ የሠራሁት አንድ ተኩል ጥንድ ፈጅቷል፤ ከዚያ ውስጥም ከግማሽ በላይ የሄደው ለአሉሚኒየም ሳጥኑ፣ ለጃኮቹና ለስዊቾቹ እንጂ ለሬዚስተሮቹ አይደለም። የስፒከርን ጠባይ እንዲመስል በጥቅል ሽቦና በካፓሲተር የሚሠራው ውድ መሣሪያ ከአሥር ጥንድ በላይ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ርካሹ ያሸነፈ ይመስላል። የእኔው ርካሽ ሳጥን ግን ቲዩቦቹን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘውን ትራንስፎርመር ማስጠቅለያ፣ ሁለት ቲዩብና አንድ የቲዩብ መቀመጫ አስከትሎ በመጨረሻ ስድስት ጥንድ አስወጥቶኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። ሳጥኑ ፊቱ ላይ 100 ዋት የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ አምፔ 50 ዋት ስለሆነ እጥፍ ትርፍ አለኝ ብዬ ተማመንኩ። ሁለት ወር ያህል አገለገለኝ። አንድ ምሽት ማዞሪያውን ወደ ታች እያዞርኩ ሳለ ድምፁ ተንጫጫ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ፤ ወዲያው ከአምፑ ጀርባ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተኝ። ሳጥኑን ስፈታው ያገኘሁት ለቤት ሙዚቃ ስፒከር የሚሆን ተራ የድምፅ መቆጣጠሪያ ነበር፤ በቀለበት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦና በላዩ የምትንሸራተት፣ ጥፍር የምታህል የመዳብ ምላስ። ምላሷ ጫፏ ቀልጦ ከሽቦው ተነሥታለች። እንዲከብድ ተብሎም ከሥሩ አንድ ቁራጭ ብረት በሙጫ ተለጥፎበታል። ከሁሉም ያናደደኝ ያ ብረት ነው፤ ስገዛው በእጄ መዝኜ «ከባድ ነው፣ ደህና ዕቃ ነው» ያልኩት እኔው ራሴ ነኛ።

የአንዲት ምላስ መነሣት ትራንስፎርመር የሚያቃጥልበትን ምክንያት ያልተረዳ ሰው ከሦስቱ አንዱንም በደህና መምረጥ አይችልም። የትራንዚስተር አምፕ ስፒከሩ ቢነቀል ምንም አይሆንም፤ እሱን የሚገድለው ሾርት ነው። ቲዩብ አምፕ በተቃራኒው ለአጭር ጊዜ ሾርት ይታገሣል፣ ስፒከር አልባ ሆኖ መጮህን ግን አይችልም። ትራንዚስተር የለመዱ ጠጋኞች ሳይቀሩ ይህን ይገለብጡታል። ቲዩቦቹ 4000 ኦም እንዲያዩ፣ ስፒከሩ ደግሞ 8 ኦም እንዲሆን የተጠቀለለን ትራንስፎርመር ለምሳሌ እንውሰድ። ኢምፒዳንሱን፣ ማለትም ለድምፅ ምልክቱ የሚያሳየውን በኦም የሚለካ እምቢታ፣ 500 ጊዜ ይለውጣል፤ ቮልቴጁን የሚለውጠው ግን በ500 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 22 ጊዜ ያህል ነው። በ8 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት ማለት 20 ቮልት ነው፤ ያው ምልክት በቲዩቦቹ በኩል 450 ቮልት ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ደህና በሆነ ጊዜ ነው። ስፒከሩ በድንገት ሲቋረጥ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ኃይል መውጫ ያጣና ቮልቴጁን ከዚህ ብዙ አሻቅቦ ያስዘልለዋል፤ ወይ የጥቅሉን ሽፋን ይበሳል፣ ወይ በቲዩቡ መቀመጫ ላይ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይፈነጥራል። የእኔን መቀመጫ ሳየው በሁለት እግሮች መካከል በእርሳስ የተሠመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር ጭረት ነበረበት። ጭረቱ ከሰል ስለሆነ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በመጥረግ የሚድን አይደለም፣ መቀመጫው ይለወጣል።

እንግዲህ የምመርጠው ሳጥን ከዚህ አደጋ የተነሣ የተወለደ ነው። ለ8 ኦም አምፕ የሚያስፈልጉት ሦስት አንድ ዓይነት የ8 ኦም ሬዚስተሮች ናቸው። ሁለቱ በትይዩ ተያይዘው 4 ኦም ይሆኑና ከአምፑ ወደ ስፒከሩ በሚሄደው መስመር ላይ ይገባሉ፤ ሦስተኛው ከስፒከሩ ጋር በትይዩ ይታሰራል። የ8 ኦም ሬዚስተርና የ8 ኦም ስፒከር በትይዩ 4 ኦም ናቸው፤ ከፊታቸው ያለው 4 ኦም ሲደመር 8 ኦም ይሆናል፤ ስለዚህ አምፑ የሚያየው የለመደውን ነው። 50 ዋቱም በአራት እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ሬዚስተር 12.5 ዋት፣ ለስፒከሩም 12.5 ዋት። ይህ በድምፅ መጠን መለኪያ የ6 ዴሲቤል ቅነሳ ነው። የዚህን አሠራር ዋጋ የምታውቁት አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። በመስመሩ ላይ ካሉት ሁለቱ አንዱ ቢቃጠል አምፑ 8 እና 4፣ ድምር 12 ኦም ያያል። ከስፒከሩ ጋር ያለው ቢቃጠል 4 እና 8፣ አሁንም 12። ሰው ረግጦ የስፒከሩን ገመድ ቢነቅለው ደግሞ ያው 12 ነው። ከሳጥኑ በኋላ ያለው ገመድ ሾርት ቢሆን አምፑ 4 ኦም ያያል። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ቢደርስ አምፑ ባዶውን አይቀርም፤ ባለ ማዞሪያው ሳጥን ግን ሁሉን ነገር በዚያች ምላስ ላይ አንጠልጥሎታል።

የ6 ዴሲቤል ቅነሳ ለመኝታ ቤት እንደማይበቃ አውቃለሁ። ጆሮ «በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጠጋ ነው፤ ኃይሉ በዚያን ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደረጃ ኋላ ሁለት ተመሳሳይ የ6 ዴሲቤል ደረጃዎች ጨመርኩ፤ ስፒከሩ የሚያገኘው ከ50 ወደ 12.5፣ ከዚያ ወደ 3 ዋት፣ በመጨረሻም ከ1 ዋት በታች ይወርዳል። በዚህ ቦታ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ ለሦስቱም ደረጃ አንድ ዓይነት ትልልቅ ሬዚስተር ይገዛል። አብዛኛውን ሙቀት የሚበላው የመጀመሪያው ደረጃ ነው። እሱን በስዊች እንዳይታለፍ አድርጌ ለዘለቄታው ስላሰርኩት፣ ተከታዮቹ የሚደርሳቸው የኃይሉ ሩብ ነው፤ 25 ዋት ሬዚስተር ይበቃቸዋል። የሁለቱን ደረጃዎች ስዊች የምገዛው ባለ ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ መስመር የፊተኛውን ሬዚስተር በሽቦ ያልፈዋል፣ ሌላው የኋለኛውን ይነቅለዋል። ስዊቹ መሐል ላይ ቢንጠለጠል እንኳ የሚቋረጥ ነገር የለም። ሙሉ ድምፅ ያሻኝ ቀን አምፑን አጥፍቼ ስፒከሩን በቀጥታ እሰካለሁ።

ለመጀመሪያው ደረጃ 12.5 ዋት ስላልኩ 15 ዋት ሬዚስተር የሚገዛ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። በአምፑ ላይ የተጻፈው 50 ዋት ድምፁ ሳይሰነጠቅ የሚወጣ ነው፤ አምፑ እስከ ጥግ ሲገፋ ማዕበሉ ወደ አራት ማዕዘንነት ስለሚጠጋ ኃይሉ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ደግሞም በአሉሚኒየም የታሸጉት ወርቃማ ሬዚስተሮች የተጻፈባቸውን ዋት የሚሸከሙት በቂ ስፋት ካለው ብረት ጋር፣ በሙቀት ቅባት ተጣብቀው፣ በብሎን ሲታሰሩ ብቻ ነው፤ በአየር ላይ ከተንጠለጠሉ ከግማሹም በታች ይወርዳሉ። እኔ ባለ 50 ዋቱን ተጠቅሜያለሁ። ነገሩ የተጋነነ ለሚመስለው ሰው፣ ለቀጫጭን ሥራ የሚሆን የሊድ መበየጃ 25 ዋት ያህል እንደሆነ ላስታውሰው፤ በተገፋ አምፕ ላይ በዚህ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሦስት መበየጃዎች በአንድ ጊዜ ይነዳሉ።

አስመስለው የተሠሩ ሬዚስተሮችም አሉ። ሁለት ጊዜ ገዝቻቸዋለሁ፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ስላልተማርኩ ነው። በመልቲሜትር ሲለኩ ትክክለኛ 8 ኦም ያሳያሉ፤ በዚያ አይያዙም። የሚያሳብቃቸው መጠናቸው ነው። የታወቁ አምራቾች የእያንዳንዱን ዋት ርዝመትና ስፋት በሚሊሜትር ያወጣሉ፤ 50 ዋት የሚል ሬዚስተር የ25 ዋቱን ቁመት ከያዘ 25 ዋት ነው፣ ከዚያ በላይ ክርክር አያስፈልግም። ከአንድ ደህና ሬዚስተር ዋጋ በሩብ የሚሸጥ ካገኛችሁ ደግሞ መለኪያ ሳታወጡ እለፉት።

ኢምፒዳንስን ስለማጣጣም የምጠየቀው አብዛኛው ነገር በአንድ ሕግ ያልቃል፦ የአምፑ መውጫ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የሳጥኑ መግቢያ ቁጥር አንድ ይሁኑ። የ8 ኦሙ ሳጥን 16 በተጻፈበት መውጫ ላይ ከተሰካ ቲዩቦቹ የበለጠ ከረንት ይጎትታሉ፤ 4 በተጻፈበት ላይ ከተሰካ ቮልቴጁ ያሻቅባል፣ ይህንኛውን እኔ አልደፍረውም። ከሳጥኑ ወዲያ ያለው ስፒከር ቢለያይ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የ16 ኦም ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ቢሰካ አምፑ 9.3 ኦም፣ የ4 ኦም ቢሰካ 6.7 ኦም ያያል። ሁለት ካቢኔት የሚሰኩ ሰዎች ሁለት 16 በትይዩ 8፣ ሁለት 8 ደግሞ 4 እንደሚሆኑ ያስቡ። ሥራው ሲያልቅ ስፒከር ሳይሰካ፣ ሁለቱ ተጨማሪ ደረጃዎች ታልፈው፣ በመልቲሜትር መግቢያው ላይ ሲለካ 12 ኦም መነበብ አለበት። የ8 ኦም ካቢኔት ሲሰካ የሚነበበው 7.5 አካባቢ ነው፤ ስሕተት አይደለም፣ የስፒከሩ ሽቦ ብቻውን ሲለካ ከ6 እስከ 7 ኦም ስለሆነ ነው። የጊታር ገመድ ደግሞ በምንም ምክንያት የስፒከር ገመድ ሆኖ አይገባም፤ ጫፉ ቢመሳሰልም ውስጡ ያለው ሽቦ ለዚህ ከረንት ቀጭን ነው።

ውዱን መሣሪያ አላጣጥለውም። ስፒከር ቋሚ 8 ኦም አይደለም፤ በባስ በኩል በሚያስተጋባበት ነጥብ ላይ ኢምፒዳንሱ ብዙ እጥፍ ይወጣል፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲሄድም ከጥቅሉ የተነሣ እንደገና ያድጋል። ሬዚስተር ይህን አያውቅም፤ ስለዚህ በእኔ ሳጥን ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ባሱም ይጠፈጠፋል። እንደ ዩኒቨርሳል ኦዲዮ ኦክስ ያሉት ያንን ጠባይ በጥቅል ሽቦና በካፓሲተር ይመስሉታል፤ ዌበር ማስ የተባለው ደግሞ ወረቀት የሌለው እውነተኛ የስፒከር ሞተር በውስጡ አለው። የተዋስኩትን ውድ መሣሪያ ከእኔው ጋር እያፈራረቅሁ ስሰማ፣ በመጀመሪያው 6 ዴሲቤል ልዩነቱን የለየሁት አምፑ ላይ ያለውን ፕረዘንስ የሚባለውን የቀጭን ድምፅ ማዞሪያ እስክነካው ድረስ ነበር፤ ትንሽ ከፍ ሳደርገው ተቀራረቡ። በጣም ሲቀነስ ውዱ ይሻላል፤ ግን በዚያ ደረጃ ጆሮም ራሱ ባስን በደንብ እንደማይሰማ፣ የስፒከሩ ወረቀትም በኃይል እንደማይንቀጠቀጥ አትርሱ፤ ይህን ምንም መሣሪያ አይመልሰውም። ያለ ስፒከር በጸጥታ ለሚቀዳ ሰው ግን አሥር ጥንዱን ቢከፍል አልፈርድበትም፤ ለእሱ የሚሆን ሥራ የእኔ ሳጥን ውስጥ የለም።

የመጀመሪያውን ሙከራ በዝቅተኛ ድምፅ ጀምሬ፣ ከዚያ አምፑን እንደምወደው ገፍቼ ለግማሽ ሰዓት እጫወታለሁ። ከዚያ መዳፌን በሳጥኑ ክዳን ላይ አሳርፌ እቆጥራለሁ፤ አምስት ሳልደርስ እጄን ካነሣሁ ክዳኑን ፈትቼ፣ በላይም በሥርም ተጨማሪ የአየር ቀዳዳ በስቼ፣ ከሥሩ ያሉትን የጎማ እግሮች በረጃጅሞቹ ለውጬ እንደገና እቆጥራለሁ።