ባለ 100 አምፔር ሰዓቱ ሊቲየም ባትሪ በጣና ዳር ማደሪያ መኪና ላይ

ባትሪው 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው። ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሲሆን በውስጡ እስከ 100 አምፔር የሚያሳልፍ ቢኤምኤስ (ሴሎቹን የሚጠብቅና አደጋ ሲያይ ባትሪውን የሚቆርጥ ሰርኪዩት) አለው። የሚሠራው ከአንድ ባለ 330 ዋት የሶላር ፓነልና ከኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር መሣሪያ) ጋር፣ የኋላ ወንበሮቹ ወጥተው አልጋ በተሠራበት ሃይሩፍ ሚኒባስ ላይ ነው። እምቦጭ ለመከታተል ወይም ለአሳና ለወፍ ጥናት ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ፎገራና ደምቢያ ዳርቻ የሚወርዱ፣ መብራት በሌለበት ሁለት ሦስት ሌሊት የሚያድሩ ሰዎች የሚፈልጉት እንዲህ ያለ መኪና ነው። ለእነሱ ባትሪው ገንዘቡን ያወጣል። ቅሬታችን ያለው አብረውት በሚሸጡት ርካሽ ኮንትሮለር፣ ቀጭን ሽቦና ከልክ ያለፈ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት 220 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ) ላይ ነው። እነዚህ ካልተቀየሩ ጥሩውም ባትሪ መጥፎ ይመስላል።

መጀመሪያ ከአሲድ ባትሪ ጋር እናስተያየው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ አይገባም፤ በተግባር የሚሰጠው 600 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሊቲየሙ 1,280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በየቀኑ 80 ከመቶው ቢወሰድበትም ለሺህዎች ጊዜ ይመላለሳል። ክብደቱ 11 ኪሎ አካባቢ ሲሆን የአሲዱ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ከሁሉ በላይ የምንወድለት ግን ሳይሞላ ቢሰነብት አለመጎዳቱን ነው። የአሲድ ባትሪ ለቀናት ግማሽ ሆኖ ከቆየ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመናው አልገለጥ ሲል ብዙ የአሲድ ባትሪ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

አራት ሰው ለሚያድርበት መኪና የቀን ፍጆታው እንዲህ ይሰላል። 45 ዋት የሚወስድ ባለ 40 ሊትር የ12 ቮልት ኮምፕረሰር ፍሪጅ፣ በባሕር ዳር ሙቀት ከሰዓቱ 40 ከመቶ ያህሉን ቢሠራ፣ በ24 ሰዓት 34 አምፔር ሰዓት ይበላል። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 6፣ አራት ስልክ 5፣ አንድ ላፕቶፕ 6፣ ባለ 20 ዋት ፋን ለ6 ሰዓት 9 አምፔር ሰዓት ይወስዳሉ። ድምሩ 60 ነው። በበጋ 330 ዋቱ ፓነል በቀን 5 ሰዓት ተኩል ያህል ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ለሙቀት፣ ለአቧራና ለሽቦ 30 ከመቶ ብንቀንስ እንኳ 1,270 ዋት ሰዓት ይቀራል፤ ይህም ባትሪው በሚሞላበት 13.4 ቮልት ሲካፈል 95 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ሌሊት የወጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሞላል።

ክረምት ሲገባ ሒሳቡ ይለወጣል። ደመና በበዛበት ቀን ገቢው በግማሽ ወርዶ 47 አምፔር ሰዓት ያህል ይሆናል፤ በየቀኑ 13 ይጎድላል ማለት ነው። ሙሉ ባትሪ ይዛችሁ ብትወጡ ሦስት ሌሊት አታስቡ፣ በአምስተኛው ሌሊት ላይ ግን ፍሪጁ ሊጠፋ ይችላል። በክረምት ከሦስት ሌሊት በላይ የሚቆይ ሰው ወይ ሁለተኛ ባትሪ፣ ወይ ከዲናሞ የሚሞላበት መንገድ ያስፈልገዋል።

ፓነሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቮልቱ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ለቤት ጣሪያ የተሠራው ባለ 72 ሴል ፓነል ሲሆን የሚሠራው በ37 ቮልትና በ9 አምፔር ገደማ ነው። ይህን ፓነል ፒደብሊውኤም ከሚባለው ርካሽ ኮንትሮለር ጋር ብታገናኙት ኮንትሮለሩ ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልት ይጎትተዋል፤ 9 አምፔር በ13.3 ቮልት 120 ዋት ብቻ ይሰጣል። የከፈላችሁት ለ330 ዋት ነው፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ጣሪያው ላይ ይቀራል። ኤምፒፒቲው ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ስለሚለውጥ በቀትር 20 አምፔርና ከዚያ በላይ ወደ ባትሪው ያስገባል። ለዚህ መጠን የቪክትሮን ስማርትሶላር 100/30 በደንብ ይበቃል፤ እስከ 100 ቮልት ይቀበላል፣ በ12 ቮልት ባትሪ እስከ 440 ዋት ያስተናግዳል፣ ቅንብሩም በስልክ ይስተካከላል። አንዳንድ ርካሽ ኮንትሮለሮች ክዳናቸው ላይ ኤምፒፒቲ ተብሎ ይጻፍባቸውና ውስጣቸው ፒደብሊውኤም ሆኖ ይገኛል። ለማወቅ በቀትር፣ ባትሪው ገና ሳይሞላ፣ ወደ ባትሪው የሚገባውን አምፔር ሽቦውን ከውጭ በሚይዝ ክላምፕ ቴስተር ለኩ፤ ፓነሉ ከሚያወጣው 9 አምፔር ካልበለጠ ኤምፒፒቲ አይደለም።

ፓነሉን ፖርቶመጋላው ላይ በጠፍጣፋው አስተኝቶ ማሰር ለባሕር ዳር ይስማማል፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ስለምታልፍ ማዘንበል ብዙ አይጨምርም። ነገር ግን ከሥሩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ንፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይኑረው። የፓነሉ ሙቀት 60 ዲግሪ ሲደርስ 13 ከመቶ ያህል ኃይሉን ያጣልና። ሾፌሩ ደግሞ መኪናውን ዋርካ ሥር ማቆም ይወዳል፤ ለሰው ጥሩ ነው፣ ለፓነሉ ግን መጥፎ ነው። ጥቂት ሴሎች ላይ የወደቀ የቅርንጫፍ ጥላ ብቻውን አንድ ሦስተኛውን ሊያጠፋ ይችላል። ከተቻለ ለብቻው በትንሽ ኮንትሮለር የሚሠራ ባለ 100 ዋት ተጣጣፊ ፓነል ከ10 ሜትር ሽቦ ጋር ያዙ፤ መኪናው ጥላ ውስጥ ሆኖ ፓነሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ኮንትሮለሩ ለሊቲየም ካልተስተካከለ ባትሪውን ወይ አይሞላውም ወይ ይረብሸዋል። ትክክለኛው ቅንብር፦ መሙያ 14.2 ቮልት ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ ማቆያ 13.5 ቮልት፣ ኢኳላይዜሽን (ለአሲድ ባትሪ የሚደረግ በከፍተኛ ቮልት መሙላት) የተዘጋ፣ የሙቀት ማስተካከያ ዜሮ። በአሲድ ቅንብር ላይ ከተተወ ኢኳላይዜሽኑ ከ15 ቮልት በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ቢኤምኤሱ ራሱን ይቆርጣል። ፀሐይ እያለ ባትሪው በድንገት ሲቆረጥ የኮንትሮለሩ ቮልት ስለሚዘል ፍሪጁና አምፖሎቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ሽቦውም የቅንብሩ አካል ነው። ከኮንትሮለሩ እስከ ባትሪው 1.5 ሜትር ርቀት ላይ 2.5 ካሬ ሽቦ ብታደርጉ፣ በ25 አምፔር ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ኮንትሮለሩ 14.2 ደረስኩ ብሎ መጠኑን ሲቀንስ ባትሪው ገና 13.7 ላይ ነው። በ10 ካሬ ሽቦ የሚጠፋው 0.13 ቮልት ብቻ ነው። ከባትሪው አጠገብ 40 አምፔር ፊውዝ አድርጉበት። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው ከኮንትሮለሩ ጋር ይገናኛል፣ ፓነሉ በኋላ፤ ሲነቀል ደግሞ ፓነሉ ይቀድማል።

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ጉዳይ ጋ ደርሰናል፤ ዲናሞው። የመኪና ኤሌክትሪሺያኖች ብዙ ጊዜ የሞተሩን ባትሪና ሊቲየሙን በአንድ ሪሌ (ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱን በቀጥታ በሚያያይዝ ማብሪያ) ያገናኟቸዋል። ለአሲድ ባትሪ ይህ አስቸጋሪ አልነበረም፤ የአሲድ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ ራሱ አምፔሩን ይቀንሳል። ሊቲየሙ ግን ውስጣዊ ተቃውሞው በጣም ትንሽ ስለሆነ ዲናሞው የሚችለውን ሁሉ እስኪሞላ ድረስ ይጠጣል። በጠጠር መንገድ በዝግታ ሲነዳ ወይም ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የዲናሞው ፋን ቀስ ብሎ ስለሚዞር ማቀዝቀዝ ይሳነዋል፤ ጥቅልሉና ዳዮዱ ይቃጠላሉ። በዚህ ላይ ቢኤምኤሱ በድንገት ከቆረጠ የሚፈጠረው የቮልት ዝላይ ዳዮዱን በአንዴ ሊያበላሽ ይችላል። መፍትሔው ባለ 30 አምፔር ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ነው፤ ከዲናሞው የሚወስደው የተወሰነ ነው፣ ለሊቲየሙም ትክክለኛውን ቮልት ይሰጣል። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሰዓት ቢነዳ ወደ 90 አምፔር ሰዓት ያስገባል። ይህን መግዛት የማይችል ሰው ከዲናሞው ጭራሽ ባያገናኘው ይሻላል፤ ሶላሩ ብቻውን በበጋ ይበቃዋል።

ኢንቨርተሩን በተመለከተ የሚሸጥላችሁ ባለ 2,000 ወይም ባለ 3,000 ዋት ከሆነ አትቀበሉ። 2,000 ዋት ከ170 አምፔር በላይ ይስባል፤ የባትሪው ቢኤምኤስ የሚያሳልፈው 100 ነው። የሚመጥነው ባለ 1,000 ዋት ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ ቤት መብራት ንጹህ ሞገድ የሚሰጥ) ነው፤ ሙሉ ጭነት ላይ 87 አምፔር ያህል ይወስዳል። ሽቦው 25 ካሬ፣ ርዝመቱ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ፣ ፊውዙ 125 አምፔር ይሁን። 3,500 ዋት የሚፈልግ የኤሌክትሪክ ምጣድ በዚህ ባትሪ አይታሰብም፤ 1,500 ዋት የሆነ የውኃ ማፍያም እንዲሁ። እንጀራው ተጋግሮ ይያዝ፣ ቡናው በከሰል ይፈላ። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት እንኳ በርቶ ከቆየ ከ10 እስከ 15 ዋት ይበላል፤ በ24 ሰዓት 20 አምፔር ሰዓትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ላፕቶፑ ሲነቀል አጥፉት።

ምን ያህል እንደቀረ በቮልት ለማወቅ አትሞክሩ። ይህ ባትሪ 70 ከመቶ ላይ ሆኖ 13.2፣ 30 ከመቶ ላይ ሆኖ 13.0 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በመካከሉ ያለውን ተራ መለኪያ አይለየውም። በኔጌቲቩ በኩል ሸንት (የሚያልፈው አምፔር የሚለካበት ትንሽ የብረት ቁራጭ) ያለው፣ የገባና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ግጠሙ።

ስትገዙ አራት ነገር ተመልከቱ። ጽሑፉ 12.8 ቮልት ይበል፤ 11.1 ወይም 12.6 ካለ ሌላ ዓይነት ሊቲየም ነው፣ ሲጎዳ በእሳት የመያያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ የሚተኛበት መኪና ውስጥ አይግባ። መዝኑት፤ እውነተኛ 100 አምፔር ሰዓት ሴል ብቻውን 2 ኪሎ ገደማ ነው፣ አራቱ 8 ኪሎ ይሆናሉ፤ ጠቅላላው ከ9 ኪሎ በታች ከሆነ ተጠራጠሩ። ሞልታችሁ በ10 አምፔር ጭነት አውርዱት፤ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ሳይቆይ ካበቃ የተጻፈውን አይዝም። ሻጩ ይህን ፈተና አድርጋችሁ ጉድለት ካገኛችሁ እንደሚቀይርላችሁ ደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ያስፍር።

ቦታው አልጋው ሥር ከኋላ ይሁን። የሃይሩፉ ሞተር ጋቢናው ወንበር ሥር ስላለ ከፊት ያለው ሙቀት ባትሪውን ያስረጀዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ ከዋለ አንዳንዱ ቢኤምኤስ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መሙላት ያቆማል፤ መስኮት ተከፍቶ ንፋስ ይግባ። በቀበቶ እሰሩት፣ ሽቦዎቹ ክብደቱን እንዳይሸከሙ። ከጠጠር መንገድ በኋላ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ የላላ ብሎን ይግላል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል። ቅዝቃዜ ባሕር ዳር ላይ አያሳስብም። ያው መኪና ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጨነቅ ከወጣ ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ባትሪው እስኪሞቅ ጠዋት ፓነሉን ንቀሉት፤ ከዜሮ በታች መሙላት ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳዋል።

ባትሪው አልቆ ቢኤምኤሱ ሲቆርጥ ቴስተሩ ዜሮ ያሳያል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ኮንትሮለሩ ባትሪ ስላላየ አይጀምርም፤ ሌላ 12 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ለጥቂት ሴኮንድ ብታገናኙት ይነቃል፣ ከዚያ ወዲያው መሙላት ነው። እንዲህ እንዳይደርስ የጭነት መቁረጫውን 12.0 ቮልት ላይ አድርጉት። በወር አንዴ ደግሞ እስከ 14.2 ድረስ ሙሉት፤ ቢኤምኤሱ ሴሎቹን የሚያስተካክለው እዚያ ላይኛው ጫፍ አካባቢ ብቻ ነው። መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ ባትሪውን ግማሽ አድርጋችሁ፣ ሽቦዎቹን ነቅላችሁ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት።