የእንጨት ፎልክቦት፦ ከፀደይ እስከ መኸር ለራሴም ለኪራይም ተጠቅሜባት

ሳትንቀሳቀስ ቆማ የምትቀር ከሆነ፣ ፎልክቦት የምትባለውን ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ከእንጨት የተሠራችውን አትግዙ። በስዊድኗ የወደብ ከተማ በጎተንበርግ ደሴቶች መካከል ከፀደይ እስከ መኸር ተመላልሼባት፣ በጋውን ደግሞ ለሌሎች አከራይቻት የደረስኩበት ፍርድ ይህ ነው። እንጨቷ ውሃ ይወዳል፤ ከውሃ ርቆ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በእኔ ጀልባ ላይ ኪራዩ ከገንዘቡ ይልቅ የጠቀመኝ እኔ ሥራ ላይ በምሆንባቸው ቀናት ሳትንቀሳቀስ እንዳትቀር በማድረጉ ነው።

ጀልባዋ ከመነሻዋ ለብዙኃኑ የታሰበች ናት። እ.ኤ.አ. በ1941 ጦርነቱ አውሮፓን እያነደደ ሳለ፣ የስካንዲኔቪያ የጀልባ ስፖርት ፌዴሬሽን መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሊገዛት የሚችል፣ ባሕሩንም የምትቋቋም ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ንድፍ በውድድር ጠየቀ። 58 ንድፎች ቀረቡ፤ አሸናፊ ግን አልተገኘም። ከአራቱ የተሻሉ ንድፎች መልካም መልካሙ ተውጣጥቶ፣ ቱርድ ሱንዴን የተባለ ስዊድናዊ አንድ አድርጎ እንዲስለው ተሰጠው። የመጀመሪያዋም በ1942 ጎተንበርግ ውስጥ ውሃ ገባች። ሱንዴን የሚገባውን ምስጋና በጊዜው አለማግኘቱ ያናድደኛል፤ ያንን የተዋበ መስመር የሳለችው የእርሱ እጅ ናትና።

ርዝመቷ 7.68 ሜትር፣ ስፋቷ 2.20 ሜትር ነው። ከክብደቷ ግማሽ ያህሉ ከሆዷ ሥር የተበየደላት ሳይሆን በብሎን የታሰረ ብረት ነው። ነፋስ ሲበረታ ወደ ጎን ትዘነብላለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን ትጸናለች። ሌሎች ጀልባዎች ሸራቸውን ሲቀንሱ እርሷ ሙሉ ሸራዋን ይዛ ስትቀጥል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንግሊዛዊው ብላንዲ ሄዝለር በ1960 ጄስተር በተባለች፣ ከፎልክቦት በተለወጠች ጀልባ አትላንቲክን ብቻ ለብቻ በመሻገር ውድድር ሁለተኛ መውጣቱ አሁን ፈጽሞ አይደንቀኝም።

ከእኔ በፊት የነበረው እድሳት ግን ሁሉም የተዋጣለት አልነበረም። የጀልባዋ ጣውላዎች እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ በጠርዝ ተደራርበው በመዳብ ምስማር የተያያዙ ናቸው፤ በውሃ ሲያብጡ ራሳቸው ክፍተቱን ይዘጋሉ። ያደሳት ባለሙያ ግን መደራረቢያዎቹን በማይለጠጥ ማጣበቂያ ሞልቷቸው ነበር። እንጨቱ ሲያብጥ መሙያው ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ ውሃ አስገባ። ሁሉንም ፍቄ አውጥቼ፣ በተልባ ዘይት አጥግቤ፣ ውሃ ውስጥ አስገብቼ እስክታብጥ ድረስ ጠበቅሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፓምፑ አላረፈም፤ ኋላ ግን ደረቀች። የታደሰች የእንጨት ጀልባ ልትገዙ ስትሄዱ ከሚያብረቀርቀው ቫርኒሽ በፊት እነዚህን መደራረቢያዎች በጥፍራችሁ ፈትሹ።

ስለ ምቾት ብዙ አልልም። ውስጧ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም። አራት ሰው ይተኛባታል ቢባልም፣ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የምትመቸው።

ስዊድን ውስጥ በዚህ መጠን ላለች የመዝናኛ ጀልባ የመንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ተከራዩን መመዘን የባለቤቱ ሥራ ነው። እኔ ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት ከተከራዩ ጋር አብሬ እወጣለሁ። የማየው ፍጥነቱን አይደለም። ሸራውን አውርዶ ወደ ማሰሪያው ሲጠጋ ይረጋጋል ወይስ ይጣደፋል? ከኋላ መልሕቅ ጥሎ አፍንጫዋን ወደ ድንጋያማ ደሴት ሲያስጠጋስ እጁ ገመዱ ላይ ነው ወይ? የሚጣደፍን ሰው፣ የቱንም ያህል ቢከፍል፣ ለፕላስቲክ ጀልባ አከራዮች እልከዋለሁ። ጥንቃቄ ያለው ተከራይ ግን እስከ ማርስትራንድ ደሴት ሄዶ የካርልስቴንን ምሽግ አይቶ፣ ጣውላዋን በውሃ አርሶና ገመዱን ጠቅልሎ ይመልሳታል። እንዲህ ያሉት እኔ ያላየኋትን አዲስ ጠብታ እንኳ ያስታውቁኛል።

ለማከራየት የምታስቡ አንድ ነገር አስቀድሙ፦ የግል ጀልባ መድን ኪራይን ላይሸፍን ስለሚችል ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ። ከኪራዩ የተገኘው የቫርኒሹንና የበረዶ ወራት መጠለያዋን ወጪ ሸፍኖልኛል፤ ትርፍ ግን አትጠብቁ። በሚመጣው ግንቦት እንደገና ለኪራይ አወጣታለሁ፤ ነሐሴን ግን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።