ለቤት ቀረጻ የሚሆን ቦክስ ጊታር፦ ኤፍጂኤክስ 800ሲ፣ ኤፒኤክስ 600 ወይስ ሲዲ-60 ኤስሲኢ?

ጊታር ከመምረጣችሁ በፊት ቤታችሁን አዳምጡ። ደብረ ብርሃን ላይ አብዛኞቻችን የምንቀርጸው ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ትንሹን ድምፅ ሁሉ የሚለቅመው ኮንደንሰር ማይክ ጊታሩን ትቶ ጣሪያውን ይቀርጻል። በጋ ላይ ደግሞ ባጃጁ፣ የጎረቤት ዶሮና የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ አለ። ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ዕቃ) ያለው ጊታር ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ላይ ካለው አጥንት ስር የተቀመጠው ፒዬዞ የተባለው ፒክአፕ የሚይዘው የክሩንና የእንጨቱን ንዝረት ነው። የክፍሉ ጫጫታ አይገባበትም ማለት ይቻላል። ሳውንድ ካርድ (ጊታሩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ዕቃ) ላይ ሰክታችሁ ዶፍ እየወረደም ትቀርጻላችሁ።

ግን ፒዬዞ ድምፁ ደረቅ ነው። ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ቋ ቋ ይላል። ስለዚህ ቤታችሁ ከመንገድ የራቀና ኮርኒስ ያለው ከሆነ ፒክአፕ የሌለውን ያማሃ ኤፍጂ 800 ገዝታችሁ በተረፈው ብር ማይክ ግዙ። የፊት ጣውላው እንደ ኤፍጂኤክስ 800ሲ ሁሉ ድፍን (ያልተደራረበ) የስፕሩስ እንጨት ነው፤ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ማይኩን 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ አቁሙት። የድምፅ ቀዳዳው ፊት ለፊት ካደረጋችሁት ቤዙ ይጎርፍባችኋል።

ጸጥታ ለሌለን ለብዙዎቻችን ምርጫው ሦስቱ ላይ ነው።

ያማሃ ኤፍጂኤክስ 800ሲ ትልቅ ሆድ ያለው ነው። ጥልቀቱ ከ100 እስከ 118 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ቤዙ ሙሉ ነው። ፕሪአምፑ፣ ማለትም የፒክአፑን ድምፅ የሚያጎላውና የሚያስተካክለው ጊታሩ ላይ ያለው ክፍል፣ ትዩነር (መቃኛ) አለው፤ ከቤዝና ከትሬብል (ከወፍራሙና ከቀጭኑ ድምፅ) ሌላ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ)፣ የትኛው ሚድ እንደሚነካ ጭምር፣ ታስተካክሉበታላችሁ። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ያ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ የሚኖረው ሚዱ ላይ ነውና ከመቅረጻችሁ በፊት እዚያው ጊታሩ ላይ ትቀንሱታላችሁ። ድምፃዊ የሚያጅብ፣ ኮርድ የሚመታ ሰው ከሆናችሁ እኔ የምመርጥላችሁ ይህንን ነው።

ያማሃ ኤፒኤክስ 600 ቀጭን ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ክሩም አጠር ይላል፤ 634 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍጂኤክሱ 650። ጣት ላይ ይቀላል። ትዝታና ባቲን በነጠላ ክር እየለቀመ ለሚጫወት ሰው እጅ ያፈጥናል። ሳይሰካ ግን ድምፁ ሳሳ ያለ ነው። ቤት ቁጭ ብላችሁ ያለ ኬብል ስትጫወቱ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል። በኬብል ስትቀርጹ ያን ያህል አይታወቅም።

ፌንደር ሲዲ-60 ኤስሲኢ እንደ ኤፍጂኤክሱ ድፍን የስፕሩስ ፊት አለው፤ ፒክአፑ የፊሽማን ኩባንያ ነው። የአንገቱ ጠርዝ ክብ ተደርጎ ስለተሠራ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ጥሩ ጊታር ነው። በቅናሽ ካገኛችሁት አትለፉት። ዋጋቸው ከተቀራረበ ግን በሚዱ ምክንያት ወደ ኤፍጂኤክሱ አደላለሁ።

አሁን ስለ አገራችን አየር። ድፍን ጣውላ ድምፁ ያምራል፤ በድርቀት ግን ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። የጊታር እንጨት የሚወደው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። የእኛ በጋ ደረቅ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ውርጩ አለ። ብርዱን ለመከላከል ክፍል ውስጥ ከሰል ስታነዱ አየሩ ይብስበታል። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ፣ ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳችሁ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ኤፒኤክስ 600 ፊቱ የተደራረበ፣ እኛ ኮምፔርሳቶ የምንለው ዓይነት ስለሆነ ይህን ሁሉ በቀላሉ ይችላል። ደጋና ቆላ እየተመላለሰ ለሚሠራ ሰው እኔ እሱን እላለሁ። ድፍኑን የገዛ ሰው ቦርሳው ውስጥ ያስቀምጠው፤ የተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ተጨምቆ የረጠበ ስፖንጅ አድርጎ አጠገቡ ይተው። ግድግዳ ላይ መስቀሉ ለፎቶ ያምራል እንጂ ለእንጨቱ አይበጅም።

ስለ ሳውንድ ካርድ አጭር ልበል። የጊታር መግቢያ፣ «ኢንስት» (INST) የሚል ቁልፍ ወይም ምልክት ያለው ይሁን። በተለይ ፕሪአምፕ የሌለው ፒዬዞ በማይክ ወይም በላይን መግቢያ ከተሰካ ድምፁ ይቀጥናል። ስትቀርጹ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከገባ ጊታሩን አትውቀሱ፤ መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ግራውንድ የለውም። እኔ ጋ ቻርጀሩን ስነቅለው ጫጫታው ወዲያው ጭጭ ይላል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ መቅረጹ እንግዲህ ቢያንስ ይህ ጥቅም አለው።

የሁለቱ ያማሃዎች ፕሪአምፕ በሁለት ተራ የAA ድንጋይ ይሠራል፤ የትኛውም ሱቅ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሌሎች ጊታሮች 9 ቮልቱን ካሬ ባትሪ ይፈልጋሉ። ቀረጻ ስትጨርሱ ጃኩን ንቀሉ፤ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬው ዋጋ በሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አደራውን ቀድማችሁ ስጡ፤ በአውሮፕላን ሲጫን ክሩን ላላ እንዲያደርግም ንገሩት።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ኬብላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ሳይሰካ ነው የሚያሳያችሁ። ስድስቱንም ክሮች አንድ በአንድ ምቱ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከደከመ ፒዬዞው አጥንቱ ስር በትክክል አልተቀመጠም ማለት ሊሆን ይችላል። የድምፁን ቁልፍ አዙሩት፤ ቸርቸር ካለ አቧራ ሊሆን ስለሚችል ያን ያህል አያስፈራም። ወፍራሙን ክር 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኑና መሐሉን እዩ። በወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት ይበቃል። ጣት የሚያስገባ ከሆነ አንገቱ ጎብጧል። ከብሪጁ በስተኋላ ጣውላው ያበጠ ወይም ብሪጁ መነሳት የጀመረ ጊታር ግን በምንም ቅናሽ አትግዙ።