«ጋሼ፣ ካርታው አልበደልዎትም»፦ ለደብረ ማርቆሷ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ የምትሠራ አንዲት የስታቲስቲክስ ምሩቅ ለማመስገንና እንዲህ ያለ ሥራ ላላችሁ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመነችኝ አልጠቅሰውም። ቤቷ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ አግዳሚ ወንበር የያዘች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ» ይላል፤ ዋናው ሙያዋ ግን አልተጻፈም። የመመረቂያ ጥናት መጠይቆችን ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች፣ ታጠራለች፣ ትተነትናለች። እኔ የሄድሁት መጠይቅ ይዤ አይደለም፤ የሦስት ዓመት የፖከር (በካርታ የሚደረግ የውርርድ ጨዋታ) መዝገብ ይዤ ነው።

ውጭ አገር ስሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ሌሊት ከፈረቃ ስመለስ በኢንተርኔት ፖከር እጫወት ነበር። የምቀመጠው በትንሹ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የግዴታው ውርርድ 2 እና 5 ሳንቲም፣ ይዘው የሚቀመጡት ቢበዛ 5 ዶላር። በሦስት ዓመት 212 ዶላር ከሰርሁ። ቤት የሚያፈርስ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ለምን እንደምሸነፍ አለማወቄ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ አገሬ ከገባሁ በኋላም አልለቀቀኝም። አንድ ጥርጣሬ ብቻ ነበረኝ፦ ካርታውን የሚበውዘው ኮምፒውተር ይበድለኛል የሚል። ከእሷ በፊት ሌላ ከተማ ላለ አንድ ጽሑፍ ቤት ሰጥቼ፣ ቀለም የበዛባቸው ሥዕሎች ብቻ ታትመው ተመልሰውልኝ ነበር። ከፍዬ ወጣሁ፤ የገባኝ ነገር ግን አልነበረም።

እሷ ፋይሉን ከመክፈቷ በፊት የጠየቀችኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ገንዘብ ከልጆች አፍ የሚወጣ ነው?» አለችኝ። የጠፋውን ልክ ነገርኋት፤ ከተመለስሁ ወዲህም በገንዘብ እንደማልጫወት አስረዳኋት። ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን የተቀበለችው። ደንበኛ ፊት ቆሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ ያከበርኋት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው።

ፖከር አታውቅም ነበር። ሕጉን አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ በግማሽ ሰዓት አስረዳኋት፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት የተደበቁ ካርታዎች፣ መሐል ላይ ለሁሉም የሚገለጡ አምስት፣ በመካከሉ አራት ዙር ውርርድ። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና አንድ ነገር ጠየቀች፦ «ከመሐሉ ገንዘብ ቤቱ የሚቀንሰው አለ?» አለ፤ 5 በመቶ ገደማ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ወጪ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ደወለችልኝ። ቀጠሮው ለሦስተኛው ቀን ነበር፤ መብራት በመጥፋቱ እንደምትዘገይ ግን ቀድማ አሳውቃኝ ነበር። ከ15,500 ጨዋታ 900ው ሁለት ጊዜ የተቀዳ ሆኖ ስላገኘችው አውጥታዋለች፤ የቆጠረችው 14,600 ነው። ከተስማማንበት 1,500 ብር ላይም 200 ብር መለሰችልኝ፤ «ሥራው ካሰብሁት ስላነሰ» ብላ።

መጀመሪያ ያሳየችኝ የጥርጣሬዬን መልስ ነው። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት አድርጎ በ1,326 ዓይነት መንገድ ማውጣት ይቻላል። ከእነዚህ ሁለት አስ የሚሆኑት 6 ብቻ ናቸው፤ ማለትም ከ221 ጨዋታ አንዴ። በ14,600 ጨዋታ 66 ጊዜ ይጠበቃል፤ ለእኔ 63 ጊዜ ደርሶኛል። ጥንድ፣ ማለትም ሁለት ተመሳሳይ ካርታ፣ በጠቅላላው ከ17 አንዴ ይደርሳል፤ 859 ጊዜ ሲጠበቅ 871 ጊዜ አግኝቻለሁ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ጋሼ፣ ካርታው አልበደልዎትም» አለችኝ። ለሦስት ዓመት የተሸከምሁት ቂም እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረ።

ቀጥሎ ወደ ማስፈራራቱ ሄደች፤ ተጫዋቾች ብለፍ የሚሉት፣ ባዶ እጅ ይዞ እንደ ባለ ጠንካራ ካርታ መወራረድ። በመጨረሻው ዙር ምንም ሳልይዝ የተወራረድሁት 412 ጊዜ ነው። በአማካይ መሐል ላይ 60 ሳንቲም ሲኖር 40 ሳንቲም እወራረዳለሁ። ይህ እንዳያከስር ከ100 ቢያንስ 40 ጊዜ ሌላው ሰው ካርታውን መጣል፣ ማለትም ውርርዱን ሳይከፍል እጅ መስጠት፣ አለበት። የጣሉልኝ 119 ጊዜ ነው፤ ከ100 ወደ 29 ገደማ። በ119ኙ 71 ዶላር ከ40 ሳንቲም ሰበሰብሁ፤ በ293ቱ 117 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሰጠሁ። ከኪሳራዬ ወደ 46 ዶላር የሚጠጋው «ብልጠቴ» ብዬ ከማስበው ነገር የመጣ ነው ማለት ነው።

ይህን ብልጠት ከየት እንዳመጣሁት አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ ላይ በተደረገው የዓለም የፖከር ውድድር ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ፣ በኢንተርኔት በትንሽ ክፍያ ተወዳድሮ ያገኘውን ትኬት ይዞ 839 ሰው ከተሳተፈበት ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸንፏል። ሁለት ሆነው ሲቀሩ ባዶ እጁን ያለውን ሁሉ አስገብቶ፣ ጥንድ ዘጠኝ የያዘውን ሳሚ ፋርሃን አስጥሎታል። ያን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። እሷ ታሪኩን ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያ የጣለው ሰው ጎበዝ ነበር?» አዎ፣ የታወቀ ባለሙያ ነበር። «የእርስዎዎቹስ?» አለችኝ።

ለዚህ መልስ የለኝም ነበር። ፋርሃ የሚያስብ ሰው ስለሆነ ነው የጣለው፤ የሌላውን ውርርድ እንደ ንግግር ያዳምጣል፣ ከኋላው ያለውን ይመረምራል። በ2 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የራሱን ሁለት ካርታ ነው የሚያየው። ጥንድ ሦስት ከያዘ 40 ሳንቲም ከፍሎ ያያል፤ ለማየት የጓጓበት ዋጋ ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ነውና። እኔ በቅኔ አገር ያደግሁ ሰው ነኝ። አያቴ ዋሸራ የተማሩ ነበሩ፤ ወርቁን በሰም መሸፈን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት የብልህነት መለኪያ ነው። ነገር ግን ቅኔ ሰሚ ይፈልጋል። ሰሙን ገልጦ ወርቁን የሚፈልግ በሌለበት ጉባኤ ስዘርፍ ኖሬአለሁ።

አንድ ነገር ለይታ አስቀምጣልኛለች፤ ይህን ለጀማሪዎች አጥብቄ እነግራለሁ። ከሦስቱ የመጀመሪያ ክፍት ካርታዎች ጋር አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አራት ካርታዎች ይዤ የተወራረድሁባቸውን ከባዶው ማስፈራራት ጋር አልደመረቻቸውም። በቀሩት ሁለት ካርታዎች፣ እጄን ጠንካራ የሚያደርገው አምስተኛው የመምጣት ዕድሉ 35 በመቶ ነው፤ ሰውዬው ባይጥል እንኳ ማምለጫ አለ። እነዚያ አላከሰሩኝም፤ ብዙም አላተረፉኝም። ከሁለት ሰው በላይ ባለበት ማስፈራራት ደግሞ ከንቱ መሆኑን በማባዛት አሳየችኝ። እያንዳንዱ ሰው ግማሽ ጊዜ ይጥላል ብንል፣ ሁለቱም አብረው የሚጥሉት ከአራት አንዴ፣ ሦስቱም የሚጥሉት ከስምንት አንዴ ነው።

ከሁሉም በላይ ያመመኝ ግን የጠንካራው ካርታ ጉዳይ ነው። ጥንድ ይዤ ሦስቱን ክፍት ካርታዎች ካየሁባቸው 640 ጨዋታዎች በ74ቱ ሦስተኛው ተመሳሳይ ካርታ ወዲያው መጥቶልኛል፤ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ አንዴ ስለሚመጣ ይህም የተለመደው ልክ ነው። በ41ዱ ግን ሳልወራረድ አልፌአለሁ። እንዳይሸሹብኝ ብዬ፣ ወርቁን ሸፍኜ። በደበቅሁባቸው በአማካይ 38 ሳንቲም፣ ወዲያው በተወራረድሁባቸው 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም አግኝቻለሁ። «74 ትንሽ ቁጥር ነው፤ ሳንቲሟን አይመኑ፣ አቅጣጫውን ይመኑ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ምክንያቱን ለማስረዳት ወረቀት ገልብጣ ይህን ጻፈች። መሐል ላይ 30 ሳንቲም አለ እንበል። 20 ተወራርደህ አንድ ሰው ቢከፍል 70 ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር 45 ብትወራረድ 160፣ በመጨረሻው 105 ብትወራረድ 370። የመጀመሪያውን ዙር ዝም ብለህ ካለፍህ ግን በዚያው መጠን ተወራርደህ መጨረሻ ላይ የምትደርሰው 160 ላይ ነው። የጎደለችው አንዲቱ 20 ሳንቲም አይደለችም፤ በእሷ ላይ ሊበቅል የነበረው ሁሉ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነበርሁ።

አሁን ቅዳሜ ማታ ከአምስት ዘመዶቼና ጓደኞቼ ጋር በስልክ እንጫወታለን፤ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ደጀን ያሉ። በነጥብ ነው፤ የተሸነፈ ለአሸናፊው የ25 ብር የስልክ ካርድ ይልካል። የቡሬው የአጎቴ ልጅ ካርታ መጣል የሚባል ነገር አያውቅም። ባለፈው ሁለት ንግሥት ይዤ በየዙሩ ሳልደብቅ ተወራረድሁ፤ እሱም በየዙሩ ጥንድ አራት ይዞ ከፈለ። ባዶ እጄን ስሆን ደግሞ ካርታዬን ጥዬ ሻይ እጠጣለሁ። ባለቤቴ «ዛሬስ አትቆጣም?» ትለኛለች።

እታለም፣ ይህን ካነበብሽው፣ ላደረግሽልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራሽን ይባርክልሽ፣ መብራቱንም አያጥፋብሽ።

ለሌሎቻችሁ፦ ካርታ ተጫዋች መሆን አያስፈልግም። እኔ ተራ ስጠብቅ የዱቤ መዝገቡን ያስቆጠረ ባለሱቅ፣ የዶሮዎቹን ቀለብና የእንቁላል ቁጥር ይዞ የመጣ አርቢ፣ መጠይቅ የተሸከሙ ተማሪዎች አይቻለሁ። ጥናቱን ሙሉ በሙሉ ጽፋ እንድትሰጠው የጠየቃትን አንድ ተማሪ ፊቴ መልሳዋለች፤ ለዚያ አትሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትዘጋለች፣ የመመረቂያ ሰሞን ወረፋው ረጅም ነው። ቤቷን ለማወቅ የፈለገ በግል ይጻፍልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እመራዋለሁ። መረጃችሁን በፍላሽ፣ ማወቅ የምትፈልጉትን ነገር ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ወረቀቱን ነው።