ብሮውዘር ድንገት ሲንቀረፈፍ፦ የክሮምና የፋየርፎክስ የራሳቸው መፈተሻዎች ሲመዘኑ

ትናንት ደህና የነበረ ብሮውዘር ዛሬ ከተንቀረፈፈ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ካሽ (ብሮውዘሩ ከተጎበኙ ገጾች ያስቀመጠውን ቅጂ) ወደ ማጽዳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይፈይድም። ካሽ የተቀመጠው ገጽ ቶሎ እንዲከፈት ስለሆነ፣ ሲጠፋ ምስሉም ስክሪፕቱም እንደ አዲስ ይወርዳል፤ ለጊዜው ጭራሽ ይብስበታል። የሚጠቅመው አንድ ድረ ገጽ ብቻ ተበላሽቶ ሲታይ ነው። «ኮምፒውተር ማፍጠኛ» እየተባሉ የሚሸጡት ፕሮግራሞችም አያስፈልጉም፤ ሁለቱም ብሮውዘሮች የራሳቸውን መፈተሻ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ያውም በነጻ።

ከሁሉ የሚልቀው እያንዳንዱ ታብና ኤክስቴንሽን (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳየው የክሮም ታስክ ማናጀር ነው። በዊንዶውስና በሊኑክስ ሺፍትና ኢስኬፕ አብረው ሲጫኑ ይከፈታል፤ በማክ ላይ ከላይኛው «ዊንዶው» ሜኑ ውስጥ ነው። «ሲፒዩ» (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ) የሚለውን የዓምድ ርዕስ አንዴ ወይም ሁለቴ ይንኩት፣ ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። ቁጥሩ ዘለለ ብሎ ወዲያው መፍረድ ግን አይገባም። በመከፈት ላይ ያለ ገጽ ሁሉ ለአፍታ ይዘልና ይረጋጋል። ማንም ሳይነካው ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ የሚቆየው ነው ጥፋተኛው። እሱን መርጦ «ኢንድ ፕሮሰስ» ማለት ነው፤ ታብ ከሆነ ያልተላከ ፎርም አብሮ እንደሚጠፋ አይዘንጉ። የሜሞሪ ቁጥር መተለቅ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ችግር የሚሆነው ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) ሞልቶ ሲስተሙ ወደ ዲስክ መገልበጥ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ብሮውዘሩ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ በሙሉ ይጎተታል።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም በሥራ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ኤክስቴንሽን ለየብቻ በስሙ ማሳየቱ ነው። ለድንገተኛ መንቀርፈፍ ደግሞ ኤክስቴንሽን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ራሱን ያዘምናል፣ ባለቤትነቱም ሊሸጥ ይችላል። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለው፣ ሥራ ፈት ታቦችን አስተኝቶ ራም ይቆጥብ የነበረው ኤክስቴንሽን፣ ለሌላ ባለቤት ከተላለፈ በኋላ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጉግል አደገኛ ነው ብሎ አስወግዶታል። ሥራውን ዛሬ ክሮም ራሱ ይሠራዋል፦ ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ሥር ያለው «ሜሞሪ ሴቨር» ነው። የተኛ ታብ ሲመለሱበት እንደ አዲስ ስለሚጫን፣ መተኛት የሌለባቸውን ድረ ገጾች እዚያው ባለው ዝርዝር ማስገባት ይገባል።

ፋየርፎክስም በሺፍትና ኢስኬፕ የሚከፈት ታስክ ማናጀር አለው። ታቦችን በደንብ ይለያል፤ ድክመቱ ኤክስቴንሽን ላይ ነው። ኤክስቴንሽኖቹ ሁሉ በአንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ባለ አንድ የፕሮግራም ክፍል) ስለሚሠሩ የትኛው እንደሚያስቸግር አይናገርም። መውጫው ማጋመስ ነው፦ ግማሾቹን አጥፍቶ መሞከር፣ ፈጠነ ማለት ጥፋተኛው ከጠፉት መካከል ነው፤ ከዚያ የእነሱን ግማሽ። 16 ኤክስቴንሽን ቢኖር በ4 ዙር ይገኛል፣ አንድ በአንድ ከመፈተሽ በብዙ ይሻላል።

በ«ሄልፕ» ሜኑ ውስጥ ያለው የፋየርፎክስ «ትራብልሹት ሞድ» (የችግር መፈለጊያ ሁኔታ) ስሙ የሚሰጠውን ተስፋ አይሞላም። ኤክስቴንሽኑን፣ ቲሙን (የብሮውዘሩን መልክ) እና ሃርድዌር አክስለሬሽኑን (የምስልና የቪዲዮ ሥራን ለግራፊክስ ካርዱ መስጠትን) በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ከፈጠነ ያፈጠነው የትኛው መጥፋት እንደሆነ አይታወቅም። ካልፈጠነም ማስረጃ አይሆንም፤ ጃቫስክሪፕትን (ገጾችን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ) የሚያፈጥነውን ጂት የተባለ ክፍልም ስለሚዘጋ ከባድ ገጾች እዚያ ውስጥ በራሳቸው ይዘገያሉ። ባዶ አዲስ ፕሮፋይል (የራሱ ሴቲንግና ኤክስቴንሽን ያለው የተለየ የብሮውዘር ማህደር) ከፍቶ ያንኑ ገጽ መሞከር የተሻለ ፍርድ ይሰጣል፣ በሁለቱም ብሮውዘሮች። በአዲሱ ፕሮፋይል ከፈጠነ ችግሩ በአሮጌው ውስጥ ነው። እዚያም ከተንቀረፈፈ ብሮውዘሩን ትቶ የዲስኩን ባዶ ቦታ፣ ኔትወርኩን፣ የተመሰጠረ ግንኙነትን እየከፈተ የሚፈትሽ አንቲቫይረስ ካለም እሱን ማየት ነው።

ገጹ ቶሎ ተከፍቶ ወደ ታች ሲሸበለል የሚንገጫገጭ፣ ቪዲዮውም የሚቆራረጥ ከሆነ ነገሩ የግራፊክስ ነው፤ የድራይቨር (የግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ዝመና አብዝቶ ያመጣዋል። በክሮም «ሲስተም» ሥር፣ በፋየርፎክስ ደግሞ «ጄኔራል» ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ሥር የተመከረውን አማራጭ ምልክት ካነሱ በኋላ የሃርድዌር አክስለሬሽን ማብሪያ ማጥፊያ ይገኛል። አጥፍቶ፣ ብሮውዘሩን ዘግቶ ከፍቶ ማወዳደር ነው። ሲጠፋ ከፈጠነ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው፤ ድራይቨሩን አስተካክሎ መልሶ ማብራት ያሻል፣ አለዚያ የቪዲዮው ሸክም በሙሉ በሲፒዩው ላይ ይወድቃል።

በምርመራ ክሮም ቢበልጥም በጥገና ፋየርፎክስ ይሻላል። ምንም አልሆን ሲል የሚቀረው ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መመለስ ነው። የክሮሙ «ሪሴት» ቡክማርክ፣ ታሪክና ፓስወርድ አይነካም፤ ኤክስቴንሽኖችንም አጥፍቶ ያስቀምጣቸዋል እንጂ አያነሳቸውም። ኩኪዎችን (ድረ ገጾች እርስዎን ለማስታወስ የሚያስቀምጧቸውን ትንንሽ ፋይሎች) ግን ይሰርዛል፣ ስለዚህ ከገቡበት አካውንት ሁሉ ያስወጣል። የፋየርፎክሱ «ሪፍሬሽ» ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ኤክስቴንሽኖችን ጭምር ነቅሎ ያወጣል፣ ኩኪዎችን ግን ያቆያል። በማግስቱ ሥራ ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የድሮውን ፕሮፋይልም በአንድ ፎልደር አድርጎ ዴስክቶፕ ላይ ይተወዋል፣ የጎደለ ነገር ቢኖር ከዚያ ይወሰዳል። ፎልደሩ የተቀመጡ ፓስወርዶችን ስለሚይዝ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ እንዳለ መተው የለበትም፤ ሁሉም መኖሩን አረጋግጦ ወዲያው ማጥፋት ነው።