«ጋሼ» ብሎ ሸጠልኝ፣ «ሰውዬ» ብሎ አባረረኝ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከሰነበትኩ «በቃ ይቅር፣ ገንዘብ ነው» ማለቴ አይቀርም። ዛሬ ግን አልልም።

አልማዝ ባለጭራ የያዘው ሰው ስለምን እንደማወራ ያውቃል። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። ልጅ ሳለን ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ከሰውነታችን ጨርሶ አይወጣም። አከርካሪያችን አጠገብ ያለ የነርቭ ሥር ውስጥ ገብቶ ይተኛል። አርባ ሃምሳ ዓመት ሊተኛ ይችላል። የነቃ ቀን ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ተስቦ የሰውነት መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። የኔ ከጀርባዬ ተነስቶ፣ በቀኝ ጎኔ ዞሮ፣ ጡቴ ሥር ቆመ። ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ፣ ቅርፊቱ ረገፈ። በአንድ ወር ቆዳዬ ዳነ። ህመሙ እዚያው ቀረ።

(ሐኪሟ «ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጥተው ቢሆን የቫይረሱን መድኃኒት እንጀምርልዎት ነበር» ብላ ዝም አለች። እኔ «ሙቀት ነው» ብዬ ስድስት ቀን ቤቴ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ሞኝነቴ ይሄ ነው። ዋናው ገና ነው።)

ህመሙን እንዴት ልንገራችሁ? በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ ስይዘው እችለዋለሁ። ሸሚዝ ዳሰስ ሲያደርገኝ ግን የጋለ ሽቦ ነው። አንሶላ አልችልም። መስኮት ተከፍቶ ንፋስ ሽው ካለ እዘላለሁ። ቤት ያለ ሰው መጀመሪያ ያዝንልሃል፤ ቆዳህ ሲድን ሐዘኔታውም አብሮ ያልቃል። «አሁንም ያምሃል?» የምትል ጥያቄ ትጀመራለች። ሦስት ወር ሲያልፍ ሐኪሟ ስም ሰጠችው፣ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የሚቀር የነርቭ ህመም ነው አለች። ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ህመም ኪኒን አዘዘችልኝ፣ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር። ያዞረኛል፣ ቀን ያንቀላፋኛል። ግን ሌሊት አራቴ መንቃቱን ወደ ሁለቴ አውርዶልኝ ነበር። ይሄን ያዙልኝ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። አይነቱን ማለቴ ነው። ሐኪም ሳይሆን ነጭ ጋውን የሚለብሰው። ማስታወቂያው ስልኬ ላይ መጣ፣ «የነርቭ ህመም በ14 ቀን ከሥሩ!» አድራሻውን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ» አለኝ። ምን እንደሆንኩ ነገርኩት። «ሸሚዝ ሲነካዎት ያቃጥልዎታል አይደል? ሌሊት ይብስብዎታል። ሰው ደግሞ አያምንዎትም።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ባንኮኒ ላይ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ያኔውኑ ኪሴን ከፍቼለታለሁ። ቅባቱን ገና አላሳየኝም።

ከዚያ ቅባቱ መጣ። የእጄ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገልኝ፣ ቀዘቀዘኝ። «አዩ? ነርቩን ሲያገኘው ነው» አለኝ። እጄ ላይ ምን የታመመ ነርቭ አለ? ሜንቶል የማንንም እጅ ያቀዘቅዛል። ይሄን አሁን ነው የማስበው። ያኔ «እውነትም!» አልኩ። አንድ ሳጥን አይበቃም ተባልኩ፣ ሦስት ገዛሁ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ውይ ጋሼ፣ በኛ መሃል?» ብሎ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። የምውጠውን ኪኒን ምን ላድርገው ስለው፣ ከስልኩ ላይ ሳይነሳ «ያቁሙት። ነርቩን የሚያደነዝዘው እሱ ነው» አለ።

አቆምኩት። በዚያው ማታ፣ በአንዴ።

ጋባፔንቲን በአንዴ አይቆምም። ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። እኔ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ እንቅልፍ ጭራሽ ጠፋ። ቅባቱ በበኩሉ ጎኔን አነደደው። በአራተኛው ሌሊት ከላይ ራቁቴን መብራት ሥር ተቀምጬ ሳጥኑን ሳገላብጥ፣ «የነርቭ ፈውስ» የሚለው ወረቀት ጥጉ ተነሳ። በጥፍሬ ላጥኩት። ሥሩ ሌላ ጽሑፍ አለ። «ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ህመም። በተጎዳ ወይም በተቆጣ ቆዳ ላይ አይቀቡ።» ሜንቶል፣ ካምፎር። ይኸው ነው።

ጠዋት ሄድኩ። ባንኮኒው ጋ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ይዘው ቆመዋል። ያው ሰው፣ ያው ጋውን። «እማማ፣ ደረጃ ሲወጡ ይወጋዎታል አይደል? ሌሊት ይብስብዎታል። ሰው ደግሞ አያምንዎትም።»

የኔን ቃል! ፊታቸው ያለውም የኔው ሳጥን ነው። የላዩ ወረቀት ብቻ «የጉልበት» ሆኗል።

ሳጥኔን አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ የላጥኩትን ወረቀት ከላዩ ጣል አደረግኩ። «ይሄ ምንድን ነው?» ቀና ብሎ አየኝ።

«ስንት ቀን ተቀባህ?»

በአራት ቀን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረድኩ።

«አራት።»

«የተባልከው 14 ነው።»

«ገንዘቤን መልስልኝ።»

«የተከፈተ ዕቃ አንመልስም።»

«ሁለቱ አልተከፈቱም።»

«ደረሰኝ አለህ?»

እዚህ ላይ መውጣት ነበረብኝ። ምን ነካኝ መሰላችሁ፣ ሸሚዜን ገልጬ ጎኔን አሳየሁት። ያን የመጀመሪያ ቀን ያመነኝን ሰው ፍለጋ መሰለኝ። ጎንበስ ብሎ አየ። ነጣ ነጣ ያሉ ጠባሳዎች አሉ፣ ሌላ ምንም የለም። «የታለ ቁስሉ? ደህና ነህ እኮ!» አለና ዕቃ የሚደረድረውን ልጅ ጠቀሰው። ልጁ በአፍንጫው ሳቀ። ሙድ ያዙብኝ። ከዚያ «ሰውዬ፣ ሥራ ላይ ነን» ብሎ ሸሚዜን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ታች ሳበልኝ። ጨርቁ ጎኔን ከላይ እስከ ታች ጠርጎት ወረደ።

ድምፅ አልወጣኝም። ባንኮኒውን ይዤ ጥርሴን ነከስኩ። ቀና ስል እማማ ገንዘባቸውን እየቆጠሩ ነው። «ይተዉት፣ አይግዙ» ማለት አቃተኝ። አፍሬ ወጣሁ። ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው ያላስተኛኝ፣ ይሄን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እናንተ በሐኪም የታዘዘ ኪኒን በሻጭ ቃል አታቁሙ። ለዚህ ህመም ፕሬጋባሊን አለ፣ አሚትሪፕቲሊን አለ፣ 5 በመቶ ሊዶኬይን ያለበት የሚለጠፍ አለ፣ ለ12 ሰዓት ያህል ተለጥፎ ለሌላ 12 ሰዓት ያህል የሚነሳ። 8 በመቶ ካፕሳይሲን (ቃሪያን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር) ያለበትም አለ፣ እሱን ግን ባለሙያ ነው የሚለጥፈው። የትኛው ለማን እንደሚሆን ሐኪም ይንገራችሁ። ሃምሳ ያለፋችሁ ደግሞ ስለ አልማዝ ባለጭራ ክትባት ጠይቁ፣ ከ2 እስከ 6 ወር ተራርቆ የሚሰጥ ሁለት መርፌ ነው። አስቀድሞ የገባብንን ህመም አያጠፋልንም፣ ወደፊት እንዳይመጣ መከላከያ ነው።

እኔ ጋባፔንቲኑን ከታች እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ ያልተከፈቱ ሳጥኖች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው።

ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ እንደገና መጣ። አሁን «በ10 ቀን» ይላል።